ለአዴላ የተነፋ ጡሩምባ

ሠርካለምን ወረታ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ የምትሠራበትን ቤት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የከተማው ንባብ ቤት ኃላፊ፣ መጽሐፍ አዋሽ፣ አቧራ ጠራጊና ዋና አንባቢ እሷው ናት። ይፋግ ተወልዳ፣ ባሕር ዳር ተምራ፣ ዲፕሎማዋን ይዛ ስትመለስ እናቷ፣ «ታዲያ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት።

«መጽሐፍ እጠብቃለሁ።»

«ከምን?»

ለዓመታት መልስ አጥታ ኖረች። ዘንድሮ ተገኘላት፤ ከሩዝ።

የፎገራ ሩዝ፣ እግዜር ይባርከውና፣ ዘንድሮ ተርፎ ማደሪያ አጣ። ማደሪያ ፈላጊው አቶ ደብረወርቅ ነበሩ፤ ከሌላ ዞን ተዛውረው የመጡ፣ ጫማቸው የፎገራን ጭቃ ገና ያልቀመሰ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ። አንድ ቀን ንባብ ቤቱን ሊጎበኙ መጡ። መጽሐፍ አላዩም። ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ፣ ጣሪያውን ቀና ብለው ተመለከቱ፣ ወለሉን በተረከዛቸው መቱና ረኩ።

«ጥሩ ቤት ነው። እርጥበት የለውም።»

«አዎ፣ ለመጽሐፍ ይስማማል» አለች ሠርካለም።

«ለሩዝም።»

ሠርካለም ደንግጣ ስትለምናቸው፣ መቼም ደግ ሰው ናቸውና፣ አንድ ዕድል ሰጧት። «የመጽሐፍ በዓል የምትዪው እሁድ አይደል? እመጣለሁ። ሰው ሞልቶ ካገኘሁ ቤቱ ያንቺ ነው። ካላገኘሁ ሰኞ ከረጢት ይገባል።»

ደግነታቸው ምክንያት ነበረው፤ ስላለፈው ዓመት በዓል ሰምተዋል። ያኔ የታደሙት ዘበኛው፣ ጨለም ያለ ጥግ የፈለጉ ሁለት ፍቅረኞችና ዝናብ ያባረረው አንድ የከብት ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴው ዝናቡ ሲያባራ ወጣ። ፍቅረኞቹ እስከ መጨረሻው ቆይተዋል፤ ስለ መጽሐፉ ግን አንድም ጥያቄ አላነሡም።

በዓሉ በየዓመቱ የአንድ መጽሐፍ በዓል ነው። አዴላ ስለምትባል ሴት የተጻፈ የጥንት የፈረንጅ ልብ ወለድ፣ ጡብ የሚያክል፣ ሠርካለም ልጅ ሆና አንብባው እስካሁን ከትራስጌዋ ያልተለየ። እያነበበች ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። በምዕራፍና በምዕራፍ መካከል ማሲንቆ ይገባል፤ ለዚህም የኔነህ የሚባል አዝማሪ በየዓመቱ ይጠራና በየዓመቱ ለዘበኛው ይዘፍናል።

ዘንድሮ ግን የግድ ሰው መጠራት አለበት። የጽሕፈት ቤቱ ድምፅ ማጉያ «ግዥ ላይ ነው»፤ ሠርካለም ከተቀጠረች ጀምሮ ግዥ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ እድሩ ጡሩምባ ነፊ ወደ ዋሴ ሄደች።

«ዋሴ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ጥራልኝ።»

«ለምን?»

«ለመጽሐፍ።»

ዋሴ ራሱን አከከ። «ሠርኬ፣ እኔ እኮ የማውቀው አነፋፍ አንድ ብቻ ነው።»

«እሱኑ ንፋው።»

ፀሐዩ ሰው እንዳያባርርባት ደግሞ የእድሩን ድንኳን ተዋሰች። ስንቱን መጽሐፍ የጨረሰች ሴት፣ በር ላይ ድንኳን ተተክሎ ጡሩምባ ሲነፋ የወረታ ሰው ምን እንደሚል ለማሰብ ጊዜ አጣች።

እሁድ ዋሴ ነፋ። ከነፋ በኋላ፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ «ስለ አዴላ ወደ ንባብ ቤት!» ብሎ ጮኋል። ግን ከጡሩምባ በኋላ የሚመጣን ቃል እስከ መጨረሻው ማን አድምጦ ያውቃል? ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ወጣ። የቁሐር ሚካኤል ሴቶች ባጃጅ ላይ ተደራርበው ደረሱ። ዳቦ የያዘ አለ፣ አገልግል ያንጠለጠለ አለ። የኔነህም መጣና ሕዝቡን ሲያይ ደንግጦ ማሲንቆውን ጋቢው ውስጥ ከተተው። ማሲንቆ ደግሞ የሚደበቅ ዕቃ አይደለም፤ ጎባጣ መስሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ሠርካለም ብቅ ስትል ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። እንባዋ መጣ። የደስታ ነበር። የአገሩ አስለቃሽ እማማ ወለላ ግን እንባዋን አይተው ደረታቸውን መቱ።

«ወይኔ ልጄን! ማን ሞተብሽ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እማማ!»

«ታዲያ አዴላ ማን ናት?»

«የመጽሐፍ ሰው ናት። መጽሐፉ ውስጥ ነው የምትሞተው።»

እማማ ወለላ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰማችሁ? ሞታለች ነው የምትለው። ታዲያ አንች ምኑን ነው አልሞተም የምትይው?»

የእድሩ ዳኛ ቄስ ተክለ ማርያም መስቀላቸውን እያሻሹ ነገሩን ሊያጣሩ ገቡበት። «የማን ልጅ ናት?»

«የታንኳ ቀዛፊ ልጅ ናት፣ አባ።»

«ክርስትና ስሟስ?»

«አልተጻፈም።»

«እንግዲያ ፍትሐት አይቻለኝም» አሉ አስበው። «ለቅሶ ግን ማን ከለከለ? ሕዝቡም ከመጣ ወዲያ እንዲሁ አይመለስም። በምን ሞተች?»

በምን እንደ ሞተች ለመናገር መጽሐፉ መከፈት ነበረበት። ሠርካለም ከፈተች። አዴላ ምጥ ይዟታል። ባሏ ባሕር ላይ ነው። ወንዙ ሞልቶ ከዳር እዳር ደርሷል፤ ሐኪሙ ወዲያ ማዶ ፋኖስ ይዞ ቆሟል። አባቷ ታንኳውን ይገፋል፣ ደራሹ ጎርፍ ይመልሰዋል። ደግሞ ይገፋል።

«ተሻገረ?» አለች አንዲት ሴት።

«ዝም በይ እስቲ! ታንብብ!» አሏት ከኋላ።

ሠርካለም ከመጽሐፉ ቀና አለች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ «ታንብብ» ብሎ የጮኸላት ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀጠለች። አባትየው በመጨረሻ ተሻግሮ ሐኪሙን ታንኳው ላይ አሳፈረ፤ ሲመለሱ የቤቱ መብራት ጠፍቶ ነበር።

የቁሐር ሚካኤል ሴቶች ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ የሚከባቸው ናቸው፤ ይህን ማንም እንዲያስረዳቸው አላስፈለገም።

«የእኔዋም ልጅ የርብ ወንዝ ሞልቶ እንዲሁ ነው የሄደች» አሉ እማማ ወለላ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ተነሡ።

«ታንኳ ያልደረሳት ያች የፈረንጅ ልጅ፣
ለቅሶዋ ደረሰ ከፎገራ ደጅ።»

ሰው ተቀበላቸው። የኔነህም ጉብጠቱ ዳነለት፤ ማሲንቆውን አውጥቶ ቀስ ብሎ ከስር ገባ። ሠርካለም ምዕራፉን እየተረጎመች፣ እማማ ወለላ ምዕራፉን ወደ ሙሾ እየመለሱ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ደረሰ።

አቶ ደብረወርቅ የደረሱት ይህን ጊዜ ነው፤ ያው የአለቃ ሰዓት። ሁለት ተሸካሚዎች አስከትለው፣ ቤቱን የሚለኩበት ሜትር ይዘዋል። ሕዝቡን ሲያዩ ቆባቸውን አወለቁ፣ ተሸካሚዎቹን በዓይን መለሱ፣ ዋሴ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

«ማን ናት?»

«አዴላ።»

«ለሠርካለም ምኗ ናት?»

ዋሴ አሰበ። መቼም ዋሴ ውሸት አይወድም። «ከልጅነቷ ጀምሮ አብራት ነበረች።»

አቶ ደብረወርቅ ልባቸው ተነካ። ልባቸው ሲነካ ደግሞ ንግግር ያደርጋሉ። ተነሡና፣ «እስከ አርባዋ ድረስ ይህን ቤት የሚነካ የለም! ኀዘን ያለበት ቤት ሩዝ አይገባም!» አሉ። ሽማግሌዎቹ አመሰገኗቸው።

«አቶ ደብረወርቅ፣ እሷ እኮ…» አለች ሠርካለም።

«አይዞሽ፣ አትናገሪ። ይገባኛል። ፎቶዋ የት አለ?»

ዋሴ መጽሐፉን አቀበላቸው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ፈረንጅ ወንዝ ዳር ቆማለች። አቶ ደብረወርቅ አዩት፣ ገለበጡት፣ ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት። ከዚያ ቀና ሲሉ ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹና የወረታ ሕዝብ በምስጋና ዓይን ያዩዋቸዋል።

«እንዳልኩት ነው» አሉ፣ ከቅድሙ አነስ ባለ ድምፅ፤ «እስከ አርባዋ።»

«ከአርባው በኋላ ሰማንያው አለ» አሉ ቄስ ተክለ ማርያም። «ከዚያም ሙት ዓመቱ።»

ሩዙስ ቢሉ፣ ሜዳ ላይ አልቀረም። የአቶ ደብረወርቅ ቢሮም እርጥበት የለውም፤ አሁን ባለጉዳይ የሚያነጋግሩት በከረጢት መካከል አንገታቸውን አስግገው ነው።

እማማ ወለላ ሲሰናበቱ የሠርካለምን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉ። «ለአርባዋ እንመጣለን። ያ ባሏ ደግሞ ሲመለስ ምን እንደሆነ ታነቢልናለሽ። ብቻ ሌላ ያገባ እንደሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ የማወርድበትን ሙሾ ላዘጋጅ።»

ሠርካለም ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ በዝቶባታል። ከሙት ዓመቱ ማግስት ምን እንደሚነበብ ካሁኑ ማሰብ አለባት። ከመደርደሪያው አንድ አንድ መጽሐፍ እያወረደች የመጨረሻውን ገጽ አስቀድማ ትገልጣለች። ተጋብተው፣ ወልደው፣ ደስ ብሏቸው የኖሩበት ከሆነ፣ አቧራውን እንኳ ሳታራግፍ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።