ጠብታዋ ውስጥ ያየናት ቤተ ክርስቲያን

ካሜራ ሳይጠይቀኝ ሲያነጣጥር ያናድደኛል። አውቶፎከስ ፈጣን መሆኑን አልክድም፤ ግን የሙሽራዋን ፊት ስፈልግ የዓይነ ርግቧን ጥልፍ አጥርቶ ያመጣልኛል። ስለዚህ ቁልፉን በግማሽ ተጭኜ እሱ ሥራውን ሲጨርስ፣ ጣቴን ሳልለቅ በግራ እጄ የሌንሱን ቀለበት ትንሽ አዞርና አስተካክለዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ይጁቤ አጠገብ ያለች ክብ ቤተ ክርስቲያን ላነሳ ሄጄ ዝናብ ያዘኝ። ከደብሩ ሽማግሌ ቄስ ጋር የቅጥሩ በር ጣራ ሥር ተጠለልን። ሲያባራ ከቆርቆሮው ጫፍ፣ በቤተ ክርስቲያኗ በኩል፣ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ቀረች። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አድርጌ አነጣጠርኩባት። አውቶፎከሱ እንደ ልማዱ የጠብታዋን ጠርዝ ያዘ። ቀለበቱን በጣም ትንሽ ዞር ሳደርገው ጠርዙ ደበዘዘና ከውስጥ ቤተ ክርስቲያኗ ብቅ አለች፤ ከነጉልላቷ፣ ከነጽዶቿ፣ ቁልቁል ተገልብጣ።

«አባቴ፣ እስቲ ይምጡና ይዩ!» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው የካሜራውን ስክሪን አዩ። ከዚያ አማተቡና፣ ድምፃቸውን እንኳን የፈሩት ይመስል፣ «ይህቺ ሁሉ እዚህች ውስጥ ገብታ?» አሉ።

ይህን እንዳሉ ጠብታዋ ወደቀች።

ቄሱ ደንግጠው ቀና አሉና ከፊት ለፊታችን ቤተ ክርስቲያኗን ፈለጓት። እኔም፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከካሜራ ጋር የኖርኩት ሰውዬ፣ መኖሯን ላረጋግጥ አብሬያቸው ቀና አልኩ።