ገመዱን እምቢ ብሏል ያለው ወረቀት

ባለቤቴ የሞተው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በረዶው አላባራ ባለበት ክረምት ነው። ስቶክሆልም መሀል ከተማ ካሉት ረጃጅም አሮጌ ሕንፃዎች ባንዱ ጣሪያ ላይ በረዶ ሲጠርግ ወደቀ። ሥራው ይሄ አልነበረም፤ የደረጃና የቢሮ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። በዚያ ክረምት ኩባንያው የጣሪያ በረዶ መጥረግ ኮንትራት አገኘና የጽዳት ሠራተኞቹን አካፋ አስይዞ ጣሪያ ላይ ሰቀላቸው።

ሥራ ያስገባው እንደኛው የደሴ ሰው ነው። ከባለቤቴ ጋር አብረው ሱዳን ተሰደው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተኝተው፣ አብረው ስዊድን ገቡ። በዕድሜ ስለሚበልጠን ወንድም ጋሼ እያልኩ፣ በአንቱታ ነው የማናግረው። ቋንቋውን ቶሎ ለምዶ የሠራተኞቹ አለቃ ሆኖ ነበር። ኢድ ሲሆን እሱ ብሬዴንግ ሰፈር እኛ ቤት ይመጣል፤ ለአረፋ እኛ ስፖንጋ እሱ ዘንድ እንሄዳለን። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ በጆሮዋ አዛን ያለላት እሱ ነው።

ባለቤቴ ሊሞት ዋዜማ፣ እራት ላይ የጣሪያውን ነገር አነሳልኝ።

"ገመድ ጠይቀን ነበር" አለኝ።

"ታዲያስ?"

"ወንድም ጋሼ 'ይመጣል፣ እስኪመጣ ጠርዙ ጋ አትጠጉ' አለን።"

"ጠርዙ ጋ ሳትጠጉ በረዶው እንዴት ብሎ ይወርዳል?"

ሳቀ። "እኔም እንደዚሁ ብዬ ጠየቅኩት" አለ።

በማግስቱ መርዶውን ይዞልኝ የመጣው ራሱ ወንድም ጋሼ ነው። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ለታዚያ፣ ለለቅሶው ማለት ነው፣ ቤቱ በሰው ሞላ። ሴቶቹ መኝታ ቤት እኔ ጋ፣ ወንዶቹ ሳሎን። ሆስፒታሉንም፣ ፖሊሱንም፣ ቀብሩንም የያዘው እሱ ነው። የማውቃት ጥቂት ስዊድንኛም ከአፌ ጠፍታ ነበር። ለሚመጣው ሁሉ "ይህን ሰው አላህ ባይሰጠኝ ምን ይውጠኝ ነበር" እል ነበር።

ከቀብሩ በፊት መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አስጠራኝ። እጁ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል።

"እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፣ እህቴ።"

"ምንድን ነው?"

"የቀብሩ ነው። ያለዚህ አስከሬኑን አይሰጡንም።"

"አሁን በነሱ ፊደል መጻፍ አልችልም።"

"በእኛው ጻፊው፣ ችግር የለውም።"

ስሜን በአማርኛ ጻፍኩ። "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" ብሎ ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ኢዳ፣ ባል የሞተባት የምትጠብቀውን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ተቀመጥኩ፤ ከቤት አልወጣም። ገና ኢዳዬን ሳልጨርስ ፋኬት፣ የሠራተኞች ማኅበሩ ማለት ነው፣ አንዲት ሴት ላከብኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ እጀታውን እየተቀባበልን ነበር የምናወራው። የማላውቀው ሰው ነው፤ ድምፁ ግን የሽማግሌ እርጋታ ነበረው።

"ማኅበሩ ኩባንያውን ስለ አደጋው ቢጠይቅ፣ ኩባንያው የእርስዎን ፊርማ አሳየን ይላሉ ሴትዮዋ። ለምን እንደፈረሙ ማወቅ ይፈልጋሉ" አለኝ።

"የቀብሩን ወረቀት ነው?"

ሴትዮዋ ወረቀቱን በስዊድንኛ አነበበችለትና እጀታውን አቀበለችኝ።

"እህቴ፣ የቀብር አይደለም" አለ። "'ባለቤቴ የደኅንነት ገመድ ተሰጥቶት እምቢ ማለቱንና በራሱ ጥፋት መሞቱን አምናለሁ። እኔም ልጆቼም ኩባንያውን ወደፊት ምንም አንጠይቅም።' ይላል።"

"ይድገሙልኝ" አልኩ። ደገመልኝ። ከሥሩ ምስክር ሆኖ የፈረመውን ሰው ስም ሲጠራልኝ እጀታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ኩባንያውን አላውቀውም፤ ባለቤቱን በዓይኔም አላየሁት። ከማያውቁኝ ሰዎች ምን ልጠብቅ? ያቃጠለኝ የዚያ ስም ነው። ገመድ ተጠይቆ "ይመጣል" ያለው ሰው፣ ሟቹ ገመድ እምቢ ብሏል ብሎ በእኔ እጅ አስጻፈ።

ሴትዮዋ እንደወጣች ደወልኩለት።

"ወንድም ጋሼ፣ ያስፈረሙኝ ወረቀት ምን ይላል?"

"የቀብሩ ነው አልኩሽ እኮ።"

"አስነብቤዋለሁ።"

"እህቴ፣ ሙት አይመለስም" አለ። "ሼፉ፣ የኩባንያው ባለቤት፣ አንድ ጥፋተኛ መኖር አለበት አለኝ። ወይ እኔ ወይ እሱ። እኔ ልጆች አሉኝ። እሱን አሁን ምን ይጎዳዋል?"

"አንተ" አልኩት፤ ስልኩንም ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ ብዬው አላውቅም።

የማኅበሩ ጠበቃ ወረቀቱ እንዲሻር ጠየቀ። ሐዘን ላይ ያለን ሰው አታሎ በማይገባው ቋንቋ ማስፈረም አይጸናም አለ። ኩባንያው ግን እዚህ አገር ዓመታት ኖራለች፣ ያነበበችውን ነው የፈረመችው ብሎ ተከራከረ። ይህን እንኳ ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት ሽማግሌዎች ቤቴ መምጣታቸውን ነው። "የወገንን ገበና ለፈረንጅ አትስጪ" አሉኝ። "የሞተው የማን ወገን ነው?" ብላቸው ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ። ታዚያ አብረውኝ የተቀመጡት ሴቶችም እግራቸው እየሳሳ ሄደ።

በመጨረሻ ሁላችንም በማኅበሩ ቢሮ አንድ ጠረጴዛ ከበብን። ከባለቤቴ ጋር ጣሪያ ላይ የነበረው የቺሊ ሰው መጣልኝ። "አንድም ገመድ አልነበረም። አብረን ነው የጠየቅነው" አለ። ጠበቃው ፊርማዬን ለኩባንያው ባለቤት አቀረበለት።

"ይህን ማንበብ ይችላሉ?"

"አልችልም።"

"እሷም ከላዩ ያለውን ማንበብ አልቻለችም።" ወደ ወንድም ጋሼ ዞረ። "ተርጉመህላታል?"

እሱ ጠረጴዛውን እንዳየ "ባጭሩ" አለ።

ኩባንያው ፍርድ ቤት ሳይደርስ እጁን ሰጠ። ወረቀቱ መሻሩን፣ ባለቤቴ ገመድ እንዳልተሰጠው፣ ኃላፊነቱም የኩባንያው መሆኑን ጽፎ ፈረመ። ካሳውንም ከፈለ። የሠራተኞቹን አለቃ ግን ከሥራው አላነሳውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ወንድም ጋሼ ሐጅ ሊሄድ ሲነሳ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እያለ ይዞር ነበር። እኔም ቤት መጣ። ጺሙ ሸብቷል። በሩን ከፈትኩለት፤ ሰላምታውንም መለስኩ።

"አፉ በይኝ፣ እህቴ" አለ።

"ታዚያ ላይ ያስፈረምከኝ የኔ ነው፤ እሱን አፉ ብያለሁ" አልኩት። "የሟቹ ግን የኔ አይደለም። ጁምዓ መስጊድ ቆመህ፣ ገመድ ጠይቆኝ ከልክዬዋለሁ ብለህ ተናገር። ሰዉ እስከ ዛሬ በራሱ እብሪት ሞተ ይላል።"

"ሰው ፊት?" አለ።

"ሰው ፊት።"

ጫማውን ሳያወልቅ ተመልሶ ሄደ። ጁምዓው አለፈ፤ ምንም የተናገረው ነገር አልነበረም። ሐጅ አድርጎ መመለሱን ከሰው ሰማሁ። ብዙዎች እንኳን ደህና መጣህ ሊሉት ስፖንጋ ሄዱ። እኔ አልሄድኩም።