በሦስት ዓመት የሚበልጣት መንትያ

አሰልጣኝ ዋጋነሽ መንትያ ወንድም አላት፤ በወረቀት ግን በሦስት ዓመት ይበልጣታል። የኮልፌ ሰው ይህን ለምዶታል። ወንድሟ በያጁ የኔሰው አርባ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ እሷ በመታወቂያዋ ሠላሳ ስምንት ናት። «መውጫው ጠፍቷት ሦስት ዓመት እማዬ ሆድ ውስጥ ቀረች» ይላል የኔሰው፤ ደንበኛ ከሳቀለት ይደግመዋል።

ነገሩ የሆነው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ዋጋነሽ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ የክለቡ አለቃ አሥራ ስድስት የሚል ወረቀት አምጥቶ ከልጆች ጋር አሰለፋት። በሦስት ሺህ ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ወጥታ ነሐስ አጠለቀች። አራተኛ የወጣችው ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች፤ የእውነት አሥራ ስድስት። ሣሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋጋነሽ አይታታለች። ትርንጎ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ላይ አልታየችም። ዋጋነሽ በኋላ ከትልልቆቹ ጋር ሮጣ የአገር ሻምፒዮን ሆነች፤ ያ ወርቅ የላቧ ነው። ነሐሱን ግን ለእንግዳ አሳይታ አታውቅም።

ሩጫ ካቆመች በኋላ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ ሜዳ ልጆች ታሠለጥናለች። መሰናክሎቹን የበየደላት ወንድሟ ነው። አንዱ ወደ ግራ ያዘመመ ስለሆነ ልጆቹ «የኔሰው» የሚል ስም አውጥተውለታል። እሑድ እሑድ ደግሞ ከክለብ ክለብ እየዞረች አንድ ነገር ትናገራለች፦ የሯጭ ዕድሜ አይቀነስ። አንዳንዴ ጠረጴዛ ትመታለች። ስለ ራሷ ወረቀት ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ዘንድሮ አንድ ሰኞ ጎረቤቷ ፈይዛ ወደ ሜዳው መጣች። ፈይዛ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ልጇ ኢክላስ ከዋጋነሽ ልጆች ሁሉ ፈጣኗ ናት። ከፌስታል ወረቀት አወጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ኢክላስ ወረቀቱ ላይ አሥራ ሰባት ሆናለች።

«ከትልልቆቹ ጋር ከሮጠች ማን ያያታል? ከልጆቹ ጋር አስገቢልኝ» አለች ፈይዛ።

«አላስገባትም።»

«ለምን?»

«ከኋላዋ የምትቀር ልጅ አለቻ፣ ፈይዛዬ።»

ፈይዛ ወረቀቱን አጠፈችው። «ዋጋዬ፣ እኔ እኮ ያንቺንም አውቃለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። መጀመሪያ ያንቺን አስተካክይ፤ ወላሂ፣ የዚያኑ ዕለት ይህን እቀደዋለሁ። ካልሆነ ሌላ ክለብ እወስዳታለሁ። ምዝገባው ዓርብ ያልቃል።»

ዋጋነሽ መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ አፈረች። ማስተካከል ማለት ነሐሱ የእሷ እንዳልነበር ማመን ነው። ጠረጴዛ በመታችባቸው ክለቦች ሁሉ ደግሞ ቆማ «እኔም ዋሽቻለሁ» ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት የኔሰው ጋ ሄዳ መበየጃውን አስጠፋችውና «ልበስ፣ ወረዳ እንሄዳለን» አለችው።

የወረዳዋ መዝጋቢ ወጣት ናት። ማመልከቻውን አንብባ ቀና አለች። «ዕድሜ የሚያስጨምር ሰው ገና ዛሬ አየሁ። የልደት ማስረጃ አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ሲወለዱ የሚያውቅ ምስክር ያስፈልጋል።»

የኔሰው እጁን አወጣ።

«እሳቸው ሲወለዱ እርስዎ የት ነበሩ?»

«አብሬያት ነበርኩ» አለ የኔሰው።

ልጅቷ እሱን አየች፣ እሷን አየች። አንድ ግንባር፣ አንድ ፍንጭት ጥርስ። እየሳቀች መጻፍ ጀመረች።

ሐሙስ ዋጋነሽ አዲሱን ወረቀት ይዛ ፈይዛ ሱቅ ገባች። ፈይዛ ሁለቴ አነበበችው። «አረጀሽ» አለቻት። ከዚያ ቃሏን ጠበቀች፤ የኢክላስን የውሸት ወረቀት በጨርቅ መቁረጫው መቀስ አራት ቦታ ቆረጠችው። ኢክላስ ከትልልቆቹ ጋር ሮጣ ሰባተኛ ወጣች። ፈይዛ አሁን ማንም ሳይጠይቃት ለገበያው ሁሉ ሰባተኛ፣ ሰባተኛ ትላለች።

ዋጋነሽም ቀለላት። በየክለቡ ስትናገር አሁን የምትጀምረው ከራሷ ነው፤ የኔሰውን አብራ ይዛው የሄደችበት ቀን አለ። ግን ነሐሱ ቀርቷል፤ ነሐሱ ደግሞ ባለቤት አለው። ትርንጎ ጦር ኃይሎች ሰፈር ሱቅ ከፍታ ልብስ እንደምትሰፋ ዋጋነሽ ካወቀች ቆይታለች። በታክሲ ስታልፍ ሱቁ በሚታይበት በኩል አትቀመጥም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ነሐሱን ይዛ ጦር ኃይሎች ወረደች፤ ገብታም ሁሉንም ነገረቻት። ትርንጎ የስፌት መኪናዋን አቁማ አዳመጠች። ሲያልቅ የስፌት ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ነሐሱን አጠለቀችው። መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመች።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች በመጨረሻ፣ «ሯጭ አይደለሁም እያልኩ ኖርኩ።»

ዋጋነሽ እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «ነገ በጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሜዳ ነይ» አለቻት። «ልጆቹ ይዩሽ።»

ትርንጎ የስፖርት ጫማ እንደሌላት ነገረቻት። ዋጋነሽ ጎንበስ ብላ እግሯን አየችና የራሷን ጫማ መፍታት ጀመረች።