አይተን እንመልሳለን

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደረቅ ሲል ነው። ዛሬም ለማላውቀው ሰው በትሕትና ልናገር አፌን ስከፍት ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ትሕትናዬን ቀነስ አድርጌያለሁ።

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። እኛ ጎንደሬዎች ግንብ የምናየው እንግዳ ሲመጣብን ነው። ጡረታ የወጣው የታሪክ መምህር ጓደኛዬ አስማማው ይህን እንደ ነውር ያየዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቶ ይዘን ሰው ከምናማ፣ በየወሩ አንድ ጥንታዊ ቦታ እንጎብኝ አለ። እኔና የእህቴ ባል ስጦታው ተስማማን። መጀመሪያ ቁስቋም ሄድን። አስማማው ስለ ፍርስራሹ ሲያስረዳ ስጦታው ግድግዳ ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ጉብኝቱ ግን የተሳካ ነበር ተባለ።

ቀጥሎ እንፍራንዝ አጠገብ ወዳለው የጉዛራ ግንብ በእኔ መኪና ሄድን። ጠዋቱ ብርድ ስለነበር ሦስታችንም ጋቢ ደርበናል። አስማማው ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ስለመጣ ነጭ በነጭ ነበር። እንፍራንዝ ስንደርስ ሞቀን፤ ቀድሞ ጋቢውን የሚያወልቅ ግን ጠፋ።

ኮረብታው ላይ ብንወጣ በሩ ተቆልፏል። እንጨት የምትለቅም ሴት አገኘንና ጠየቅናት።

“ጠባቂው ለቅሶ ሄዷል። ቁልፉን አያ መኩሪያ ዘንድ ነው ያስቀመጠ” አለችን። ቤታቸውንም አሳየችን።

የአያ መኩሪያ ደጅ ሙልጭ ተደርጎ ተጠርጓል። ቤቱ ውስጥ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ሰውየው ጠና ያሉ ናቸው፤ ንጹሕ ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እንግዳ የሚጠብቁ መሰለኝ። ስለዚህ ጉዳያችንን ጨርሰን ቶሎ እንውጣላቸው አልኩ።

“ኑ ግቡ፤ ምነው ደጅ ቆማችሁ? ተቀመጡ” አሉን።

“አንቀመጥም አባቴ። ከጎንደር ነው የመጣነው። እርስዎ ዘንድ ያለ ነገር ፈልገን ነው” አልኩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ከእኔ ሳይቀድም አይቀርም። ልጅ ለመጠየቅ የተላከ ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳይሰማለት አይቀመጥም። የሚናገረውም ልክ እኔ የተናገርኩትን ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ ራሴም ለዘመድ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ። ቁልፍ የሚፈልግ ሰው ግን የሚታየው ቁልፍ ብቻ ነው።

“ሰምቻለሁ። እሷ እኮ እንዲሁ በዋዛ የምትሰጥ አይደለችም” አሉ።

በእኛ አገር ሰው የሚሳሳለት ዕቃ ሁሉ “እሷ” ነው። እኔም መኪናዬን “እሷ” ነው የምላት። ሰውየው ለቁልፉ እንዲህ መሳሳታቸው ደስ አለኝ።

“ልክ ነዎት፤ የአደራ ነገር ነው” አልኳቸው።

“አንዱ ወጥቶ ጠፋብኝ። የቀረችኝ እሷ ብቻ ነች።”

ቁልፍ መጥፋቱ አልገረመኝም፤ እኛም መሥሪያ ቤት ይጠፋል። ላረጋጋቸው ፈለግሁ።

“አይስጉ አባቴ፤ ለዛሬ ብቻ ነው። አይተን ከሰዓት በኋላ እንመልሳለን።”

ከጓዳ አንድ ዕቃ ወድቆ ሲሰበር ሰማን። አያ መኩሪያ ከመደቡ ተነሡና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዱላ ያዙ።

“ምን አልህ?” አሉኝ።

ስጦታው ነገሩ ያለመተማመን መሰለው። “ካላመኑን መታወቂያ እናስይዛለን” አለ።

ዱላው ሲነሣ አንዲት ልጅ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ መሐላችን ቆመች። ልጃቸው እናኑ ነች።

“አባዬ፣ እነሱ አይደሉም። የግንቡን ቁልፍ ነው የሚሉት” አለች።

አያ መኩሪያ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቁልፉን አወጡና አዩት። ቀጥለው እኛን አዩን። ማንም አልሳቀም። ቁልፉን ሰጡኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ።

እናኑ ተከትላን ወጣች። “ጋሼ፣ ምነው ቀን አጣችሁ?” አለችኝ። ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። የምትወደው ሰው ከጎንደር ወደ መተማ የሚሠራ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ አባቷ መልሰውበታል። ታላቅ ወንድሟ “ሥራ አይቼ እመለሳለሁ” ብሎ እንደወጣ ቀርቷል፤ ወሬውም የለም። ከዚያ ወዲህ አባቷ ከቤት የወጣ ሰው ሁሉ የሚቀር ይመስላቸዋል። በስንት ልመና ለስለስ ብለው ነበር። ዛሬ ሦስተኛዎቹ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ እነሱንም ከመለሱ ግን የልጁ ቤተ ሰቦች ሌላ ሽማግሌ አይልኩም።

“አሁን በንዴት ይመልሷቸዋል። ግቡና ቁጣውን አብርዱልኝ” አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እኛ ያቆሰልነውን እኛው ማከም ነበረብን። ተመልሰን ገባን፤ በዚህ ጊዜ ተቀመጥን። አስማማው ስለ ሰብሉ ጠየቃቸው። “ሸጋ ነው” አሉ ለግድግዳው።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ ደረሱ። እነሱም ሦስት ናቸው፤ ጋቢ ለብሰዋል፤ አንቀመጥም አሉ። ትልቁ ሽማግሌ የልጁን ጠባይ፣ የወገኑን ጨዋነት፣ ጠጪ አለመሆኑን አንድ በአንድ ተናገሩ። አያ መኩሪያ መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። በመጨረሻ እኛን በዱላቸው ጠቆሙ።

“እነዚህ ይሻላሉ። እነሱስ እንመልሳለን ብለዋል” አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሌላ ጠያቂ የቀደማቸው መስሏቸው በክፉ ዓይን አዩን። ስጦታው ጋቢውን አስተካከለ።

አያ መኩሪያ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ ሰውዬ፤ እመልሳለሁ ብለሃል። ቃልህ ነው?”

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁ። በጓዳው መጋረጃ ሥር የእናኑ እግሮች ይታዩኛል፤ አይንቀሳቀሱም። የሙሽራውን ስም እንኳ አልጠየቅሁም።

“ቃሌ ነው። በየበዓሉ እኔ አመጣታለሁ” አልኩ።

ዱላቸውን ግድግዳው ላይ መልሰው አስደገፉት። “እንግዲያ ሸጋ። ሰጥቻለሁ፤ ተቀመጡ” አሏቸው ሽማግሌዎቹን።

ግንቡን ያየነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። አስማማው ብዙ ነገር አስረዳን፤ እኔ የሰማሁት የለም።

ተጋቡ። ባሏ ደግ ልጅ ነው፤ ግን በዓል ሲመጣ ሾፌር አያርፍም። ስለዚህ እናኑን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ “አንተን ምን አግብቶህ?” ብላ ነበር። አሁን ለአያ መኩሪያ ድፎ ዳቦ ጠቅልላ መኪናው ውስጥ የምታስገባው እሷ ነች።

አንድ ፋሲካ መኪናዬ መንገድ ላይ ተበላሸች። የአያ መኩሪያ ስልክ አይሠራም። እንፍራንዝ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል። ሽማግሌው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አገሩ ሁሉ ሌሊቱን ጾሙን ሲፈታ እሳቸው እህል አልቀመሱም። እናኑን አቅፈው ቆዩ፤ ለእኔ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት መሩን። ማዕድ ሲቀርብ መጀመሪያ እሷን አጎረሱ፣ ቀጥለው እኔን። እያላመጥኩ እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ዋዜማውን ነው የምንሄደው።