ከኅዳር ሚካኤል በፊት የታጨደ ሣር

ልጅ ሳለሁ ጥቅምት በገባ ቁጥር ቤታችን ሁለት ነገር ይጎድለው ነበር፤ አባቴና ገለባ። አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል፤ ያለፈው ዓመት ገለባ ደግሞ አዲሱ ጤፍ ሳይደርስ ያልቃል። ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ያኔ የሚያንገበግበው ነገር፣ ከብቶቻችን ጎድናቸው እስኪቆጠር ከስተው ሳለ፣ ከወንዙ ማዶ ጉልበት የሚደርስ ለምለም ሣር በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ማየት ነበር። መስኩ የሁላችን ነው፤ ስለዚህም ክልክል ነው። ከሰኔ ጀምሮ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም፤ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት መንደሩ ወጥቶ በገመድ ለክቶ፣ ዕጣ ጥሎ ይካፈለዋል። ከዚያ ቀን በፊት ያጨደ ቤት የዚያን ዓመት ድርሻውን ያጣል።

መስኩን እንዲጠብቁ በመንደሩ የተመረጡት የእናቴ አባት ነበሩ፤ አባባ ተገኘ። አባቴ በሌለባቸው ወራት እኛ ቤት ያመሹ ነበር። ራት በልተን ምድጃው ዙሪያ ስንቀመጥ «ጋዝ አታባክኑ» ብለው ኩራዙን ያጠፉና በፍሙ ብርሃን ተረት ይጀምራሉ። ቀን ሰው የሚሸሻቸው ኮስታራ ሽማግሌ፣ ማታ ቀበሮዋን ሆነው ሲያወሩ በሳቅ ይገድሉን ነበር።

በዚያ ዓመት ላማችን በወለደች በሳምንቷ ወተቷ ነጠፈ። ጥጃዋ መቆም አቃታት። አንድ ንጋት እናቴ ቀስቅሳኝ ወንዙን ተሻገርን፤ እሷ ስታጭድ እኔ ጆንያውን ከፍቼ ያዝኩ። ስንመለስ «ለአባባ ትንፍሽ እንዳትይ» አለችኝ። እናቴ ስትፈራ ያየኋት ያኔ ነው።

ያን ምሽት አባባ የቀበሮዋን ተረት ጀምረው መሃል ላይ ዝም አሉ። የረሱ መስሎኝ ነበር። ከብቶቹ ከእኛው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት፤ ላሟ ጋጧ ውስጥ ትበላለች። ደረቅ ገለባ ሲታኘክ ይንኮሻኮሻል። የእርጥብ ሣር ድምፅ ግን ሌላ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከከብት ጋር ያደሩ ሰው ይህን ለማወቅ መብራት አያስፈልጋቸውም። ጭሱም ውስጥ የሣር ሽታ ነበረበት፤ ወይም አሁን ሳስታውሰው ጨምሬበት ይሆናል።

ፍሙን በእንጨት ጫር ጫር አደረጉና ቀበሮዋን ትተው፣ ሰምተነው የማናውቀውን ተረት ጀመሩ። አራዊት አንድ ምንጭ ነበራቸው አሉ፤ በበጋ ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ ፀሐይ ሳትወጣ ማንም እንዳይጠጣ ተማምለው ጃርትን ጠባቂ አደረጓት። አንድ ማለዳ ጃርት ከጥበቃ ስትመለስ የገዛ ልጇን አፏ ረጥቦ አገኘቻት። እዚህ ላይ ቆሙ። ሁልጊዜ ወደ እኛ ወደ ልጆቹ እያዩ ነበር የሚተርቱት፤ ያኔ ግን እናቴን አዩ።

«ጃርት ምን ታድርግ ትያለሽ፣ ጥሩዬ?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አሸች። «ልጅቱ ጠምቷት ቢሆንስ፣ አባባ?»

«ያልጠማው ማን አለ?»

ላሟ ማኘኳን አላቆመችም። «እንግዲያው ትናገር» አለች እናቴ። «ግን ልጅቱ ራሷ ቀድማ ብትናገር ይሻላል።»

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር እንደተሰበሰበ እናቴ ተነሥታ «ክልክሉን ያጨድኩት እኔ ነኝ» አለች። አባባ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እንደ ደንቡ ፈረዱ። ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ ጠላኋቸው። የክፍፍሉ ቀን ደርሶ ጎረቤቶቻችን ሣር ተሸክመው በደጃችን ሲያልፉ በራችንን ዘጋን። አባባ ከራሳቸው ድርሻ አንዲት እቅፍ እንኳ አላቀመሱንም፤ «በአደባባይ የቀጣሁትን በጓሮ ላጉርስ?» አሉ። ጥጃዋ ሞተች። ላሟንም አባቴ ሲመለስ ደምበጫ ገበያ ወስዶ ሸጣት። ከዚያ ወዲህ አባባ ሲተርቱ ጀርባዬን ሰጥቼ እተኛ ነበር፤ እስኪሞቱም ድረስ ልቤ አልተፈታላቸውም።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ጥር ለጥምቀት ስሄድ መንደሩ ስብሰባ ላይ ነበር። አንድ ባለሀብት መስኩን ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ፈልጓል፤ ለየቤቱ ቁራጭ ቁራጭ መሬት ይሰጥና ቀሪው የእሱ ይሆናል ተባለ። ወጣቶቹ የሚያርሱት መሬት የላቸውም፤ አልፈርድባቸውም። አንዱ «ቢከፋፈል ምን አለበት» አለ፤ ሌላውም ደገመው። ዝም ያሉትም ወደ እሺታው ሲያዘነብሉ ይታየኝ ነበር።

እናቴ በትሯን ተደግፋ ተነሣች። «እኔ ይህን መስክ አንድ ጠዋት ብቻዬን በልቼዋለሁ» አለች። «የገዛ አባቴ ቀጣኝ። ላሜን አጣሁበት። ያኔ ለእኔ ያልተቆረሰ ዛሬ ለማን ነው የሚቆረሰው?»

በባለሀብቱ ስም የመጣው ሰው ወረቀቱን አጥፎ «ሌላ ቀን እንነጋገራለን» አለ፤ ይመለስም ይሆናል። እኔ ግን ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ራሳቸውን ሲነቀንቁላት እያየሁ፣ አባባ ያኔ ያቺን እቅፍ ሣር ሰጥተውን ቢሆን ኖሮ እናቴ ይህን የምትናገርበት አፍ እንደማይኖራት ገባኝ። ይህን ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ፤ ይቅርታዬን የሚሰሙበት ጊዜ ግን አልፏል።