ሽማግሌ የተላከበት ነጥብ

ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ሕዝብ ፊት የወደቀችን ልጅ አልወደቀችም እንድል ለመኑኝ። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። የሚያናድደኝ የእነሱ መምጣት ብቻ አይደለም። እሺ ማለቴ ነው።

ከቁስቋም ወደ ታች ሲወረድ ባለችው ሱቄ ውስጥ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ድሮ፣ ቴሌቪዥን ጀርባው ያበጠ ከባድ ዕቃ በነበረ ጊዜ፣ የጠገንኩትን የምፈትነው በበረዶ ላይ ስኬቲንግ ነበር። የሙያ ጓደኞቼ ኳስ ይከፍታሉ። ኳስ ያታልላል፤ ሣሩ ትንሽ ቢጠቁር ማን ያውቃል? በረዶ ግን አይዋሽም። ነጩ ሜዳ ወደ ሮዝ ወይ ወደ አረንጓዴ ካደላ ዕቃው ገና አልዳነም ማለት ነው። እናም ዲሹን እያዞርኩ የበረዶ ውድድር ስፈልግ፣ ቀለሙን ለማየት ብዬ ጀምሬ ጨዋታው ለመደብኝ። በረዶ ሲባል ክረምት ላይ ቆርቆሮ ከሚደበድበው ሌላ የማላውቅ ሰውዬ፣ ዝላዮቹን በየስማቸው እስከ መጥራት ደረስኩ። ባለቤቴ "እነዚህን ሴቶች ብርድ አይነካቸውም?" ትላለች። እኔ ዳኞቹን እሳደባለሁ።

ለመሳደብ ደግሞ ምክንያት ሞልቷል። የዚህ ስፖርት ታሪክ ግማሹ የዳኞች ኃጢአት ነው ብል አላጋነንኩም። በድሮው ዘመን ተወዳዳሪዎቹ በጫማቸው ስለት በረዶው ላይ ክብና ስምንት ቁጥር ይሥሉ ነበር፤ ዳኞቹ ጎንበስ ብለው መስመሩን ይመረምራሉ። ትልቁ ነጥብ የዚያ ነበር። እሱስ ቢያንስ በዓይን ይታያል፤ ክቡ ወይ ገጥሟል ወይ አልገጠመም። ተመልካች ሰለቸው ተብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ የቀረው ከስድስት የሚሰጥ ነጥብና የዳኛው ልብ ነው። አንዲት ጥቁር ስኬተር የተከለከለውን የኋልዮሽ ግልበጣ ገልብጣ በአንድ እግሯ ስታርፍ፣ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ። ዳኞቹ ቀነሱባት። ዛሬ ያው ግልበጣ ተፈቅዷል። የእሷን ማን ይመልስላታል?

የጥንዶቹ ጉዳይ ደግሞ ባሰ። በአንድ የክረምት ኦሊምፒክ ዳኞች ድምፅ ተለዋወጡ ተባለ፤ እዚህ ለኔ ስጥ፣ እዚያ ላንተ እሰጣለሁ ዓይነት። ዓለም ጮኸ። መፍትሔው ምን ሆነ? ለተበደሉትም ወርቅ ጨመሩና ሁለቱንም ጥንዶች አንደኛ አሏቸው፤ በቃ። ከዚያ የነጥብ አሰጣጡን ቀየሩት። እያንዳንዱ ዝላይ የራሱ ዋጋ ወጣለት፣ እያንዳንዱ መውደቅ ነጥብ ያስቀንስ ጀመር። የትኛው ዳኛ ስንት እንደሰጠ ግን ለዓመታት ደበቁ። ይህን የሰማሁ ቀን የያዝኩትን ካቻቢቴ ግድግዳ ላይ ወረወርኩት።

ሰፈራችን አስፋልት ከገባ ወዲህ ልጆች ባለ ጎማ ጫማ አድርገው ይንሸራተታሉ። አምና የሰፈሩ ወጣቶች ውድድር አዘጋጁ። ሽልማቱ ቀልድ አልነበረም። አንድ በጎ አድራጊ አንደኛ የወጣችውን ልጅ ናይሮቢ ልኮ፣ እውነተኛ የበረዶ ሜዳ ላይ ለአንድ ወር ሊያሠለጥናት ቃል ገባ። ቦታው የአንድ ልጅ ብቻ ነው። "ጋሼ፣ ደንቡን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት" ብለው ዋና ዳኛ አደረጉኝ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። ደንቡን ቁጭ ብዬ በእጄ ጻፍኩት፦ አንድ ጊዜ የወደቀ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል።

ሁለት ልጆች ከሌሎቹ ርቀው ወጡ። አንደኛዋ የሽሮ ሜዳ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጫማዋ አዲስ፣ ጎበዝም ናት። ሁለተኛዋ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ልጅ፤ ጫማው የውሰት፣ ስለሚሰፋት ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠቀጠቀበት፣ አሠልጣኟ የጎረቤት ስልክ። በቀጨኔ ቁልቁለት የተማረ ሰው መቆም ያውቅበታል። ዘለለች፣ ዞረች፣ አረፈች። የነጋዴው ልጅ ስትሽከረከር ወደቀች። ልዩነታቸው ያቺ አንድ ነጥብ ሆነች። ውጤቱ በሳምንቱ እሑድ ይነገራል ተባለ። ትልቁ ስሕተታችን እሱ ነበር፤ በአገራችን ሳምንት ሙሉ ለሽምግልና ይተርፋል።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነጋዴው የላካቸው ሦስት ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። መሪያቸው የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ እናቴን የቀበሩልኝ። ተቀመጡ ብላቸው "ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ።

"ልጄ፣ ልጅቱ ያን ሁሉ ሰው ፊት ወድቃ አፍራለች። ደግሞ ነጥብ ይቀነስባት? በአንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት አለ እንዴ?"

"አባባ፣ የተጣላ ሰው የለም እኮ። ደንብ ነው። ዓለም የሚሠራበት ደንብ።"

"የዚያችኛዋን ቀንስባት አላልንህም። ሁለቱንም አንደኛ በላቸው።"

ደሜ ፈላ። የኦሊምፒኩን ታሪክ ከሥሩ ነገርኳቸው፤ የድምፁን ልውውጥ፣ የሁለቱን ወርቅ፣ ቅሌቱን። በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ የዕድሩ ዳኛ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩና "አያችሁ? ፈረንጁም በሽምግልና ነው የጨረሰው" አሉ።

ሰውዬው ሰማንያን አልፈዋል። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ባለቤቴ ከጓዳ በር ላይ በዓይኗ ትለምነኛለች። እናቴ ትዝ አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈረንጅ ዳኛ ስሳደብ የኖርኩ ሰውዬ፣ እሺ ለማለት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። መረቁኝ። ተቀመጡ።

እሑድ ዕለት ሁለቱም አንደኛ ተባሉ። ሰው አጨበጨበ። ቦታው አንድ ስለሆነ ቤተሰቦቹ ተነጋግረው ይወስኑ አሉ አዘጋጆቹ። ዕጣ ይጣጣላሉ፣ ግማሽ ዕድል ግማሽ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ፈሪ ሰው ለራሱ የሚሰጠው ማጽናኛ አያልቅበትም። ሳምንት ሳይቆይ ናይሮቢ የምትሄደው የነጋዴው ልጅ መሆኗን ሰማሁ።

ሱቄን ዘግቼ ቀጨኔ ወጣሁ። እናትየው ግቢዋ ውስጥ ድስት እያበጀች ነበር። ትረግመኛለች ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ተነሥታ በሁለት እጇ ሰላም አለችኝ። ፊቷ በርቷል።

"ሽማግሌ መጡልኝ እኮ ጋሼ! የዕድሩ ዳኛ ሳይቀሩ። እዚህ ግቢ ስኖር፣ ዕቃ ሊገዛ ካልሆነ በስተቀር የእናንተ ሰፈር ሰው በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። ቆመው ለመኑኝ። 'ያንቺ ልጅ ገና ናት፣ ጊዜ አላት፤ ለዚህኛዋ ልቀቂላት' አሉኝ። ሰው ናት ብለው መጥተው እንዴት እምቢ እላለሁ?"

"ከዚያስ፣ ተቀመጡ?" አልኳት።

"ተቀመጡ እንጂ።"

"ቀመሱልሽ?"

ለምን እንደጠየቅኋት አውቃለሁ። ሸክላ ሠሪ ቤት እህል የማይቀምስ ሰው ዛሬም ሞልቷል፤ ምክንያቱን አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን አታገኝም። ጭቃ የነካ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"ዶሮ ሠርቼላቸው ነበር። ጾም ነን አሉኝ።"

ፋሲካ ካለፈ ገና አራተኛ ሳምንቱ ነበር። በሃምሳው ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ይህን የማያውቅ የተጠመቀ ሰው የለም። እኔ ቤት በዚያው ሰሞን የባለቤቴን ጥብስ ጠርገው ነው የሄዱት። ያን ጊዜ ሳልጮህ መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። "እማ፣ በሃምሳው ጾም አለ እንዴ?" አለች።

እናቷ ጭቃዋን መልሳ ማሸት ጀመረች። ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ እርስዎም የዚያችኛዋን መውደቅ ዝም ያሉት ሸክላ ሠሪ ስለሆንን ነው?"

"አይደለም" አልኳት። ሰማችኝ እንጂ አላመነችኝም፤ ምን አይታ ታምነኛለች?