የአርዲስ «ብዙም አይከፋም»

አርዲስ ቶለፍሰን በአንዲት ትንሽ የሚኒሶታ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለተማሪ ምሳ ስታበስል ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣውን ልጅ ከዓይኑ ታውቀው ነበር፤ ምንም ሳትለው አንድ ጭልፋ ትጨምርለት ነበር። ስለ ራሷ ማውራት ግን አይሆንላትም። ያገሩ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። ላሙ ሞታበት፣ በረዶ እህሉን አውድሞበት እንኳ እንዴት ነህ ሲሉት «ብዙም አይከፋም» ይላል። ልጁን ድሮ ደስ ሲለውም ያው «ብዙም አይከፋም» ነው። መለየት የሰሚው ፋንታ ነው።

በጥቅምት አንድ ማለዳ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ቁጭ ብላ ለቀብር ምሳ ድንች ስትልጥ፣ ደረቷን የሆነ ነገር ተጫናት። መንጋጋዋን ያዛት፣ ግራ ክንዷ ከበዳት፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃት። የቀረውን ድንች ልጣ ሳትጨርስ ግን አልተነሳችም። ከዚያ በኋላ ነው ባሏ ኦሪን ጋ ደውላ ና ውሰደኝ ያለችው።

መኪና ውስጥ ተጨቃጨቁ። ኦሪን ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል እንሂድ አለ፤ ሃያ ደቂቃ ቢያስነዳ ነው። አርዲስ እምቢ አለች። ድንገተኛ ክፍል ከትራክተር ለወደቀ፣ እጁን ማሽን ለቆረጠው ሰው ነው፤ እኔ አልጋውን ይዤ የእውነት የታመመ ሰው መተላለፊያ ላይ ቢቀር ምን ይባላል አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፊትሽ እኮ የተላጠ ድንች መስሏል።»

«አንተ መንገድህን እያየህ ንዳ። ያ ያለ ቀጠሮ የሚገባበት ክሊኒክ ይበቃኛል።»

አርባ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ በክርክር ረትቷት አያውቅም። ወደ ክሊኒኩ ታጠፈ።

እዚያም ደርሳ እኔ አልቸኩልም ብላ፣ ተራዋን ጆሮውን ለታመመ ሕፃን ለቀቀች። ኦሪን ኮፍያውን በእጁ እየጠመዘዘ ቆመ። ነርሷ ጃኔል ሕፃኑን ልትጠራ ስትወጣ አርዲስን አየችና ቀጥ ብላ ወደ እሷ መጣች። በልጅነቷ ከአርዲስ ጭልፋ የበላች ናት። ሕመሙ ከአስር ስንት ይሆናል ብላ ጠየቀቻት። አርዲስ ሦስት አለች፤ ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ግፋ ቢል አራት አለች። እንዴት ነው የሚሰማዎት ስትላት ደግሞ፣ «ብዙም አይከፋም» አለቻት።

የጃኔል እስክሪብቶ ቆመ። አባቷ ላም አላቢ ነበር፤ ቁርስ ላይ ይህንኑ ብሎ፣ ምሳ ሳይደርስ ነው የሞተው። ተንበርክካ የአርዲስን እጅ ያዘች።

«ወይዘሮ ቶለፍሰን፣ አባቴም እንዲሁ ነበር ያለኝ። እስቲ አሁን እንዳገራችን ሰው ሳይሆን እንደ ባዕድ ሰው ሆነው ይንገሩኝ።»

አርዲስ ባሏን አየችው፤ ወለሉን አየች።

«ፈርቻለሁ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «ላም ደረቴ ላይ የተኛችብኝ ነው የሚመስለኝ።»

ከዚያ ወዲያ የጠበቀ ሰው የለም። ደረቷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው ልቧን አዩ፣ አስፕሪን አስኘኳት፣ አምቡላንስ ጠሩ። አርዲስ ሳይረኑን እንዳያስጮሁት ለመነች፤ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስለሚያልፉ ለቀስተኛው እንዳይረበሽ ነው። የአምቡላንሱ ጎረምሳም የድሮ ተማሪ ኖሮ፣ «ስንት ዓመት ሲያሰልፉን ኖረው፣ ዛሬ እንኳ እርስዎ ሰልፍ ይጣሱ» ብሏት እያስጮኸ ወሰዳት።

የልቧ ደም ሥር ተዘግቶ ነበር። በቀጭን ቱቦ ከፈቱላት። ሐኪሙም ሳልና የጆሮ ሕመም ሲሆን ክሊኒኩ ይበቃል፤ ደረት ሲጨነቅ ግን በራስ መኪና እንኳ አይኬድም፣ አምቡላንስ ነው የሚጠራው ብሎ ተቆጣት። ኦሪን ከጎኗ ሆኖ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሺ፣ ረታኸኝ» አለችው።

በሦስተኛው ሳምንት በእግሯ ወደ ክሊኒኩ ሄደች። በዚያ አገር ሰው ተቃቅፎ ሰላም አይባባልም። አርዲስ ግን ጃኔልን በሰው ሁሉ ፊት እቅፍ አድርጋ ያዘቻት፤ ልልቀቅሽ አላለችም።

«ትናንት የዘንድሮው የመጀመሪያ በረዶ ጣለ» አለቻት በጆሮዋ። «መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ። ለማየት የበቃሁት ባንቺ ነው።»